ከመፍረድ በፊት መመርመር፤ የሳይንሳዊ ምርምር መሠረታዊ ሐሳቦችና ቃላት



ምልከታ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ድምዳሜ የሚባሉትን ቃላት በየትምህርት ቤታችን ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን አይኖርም። አብዛኞቻችን በደብተራችን ጽፈናቸዋል፣ ለፈተና አጥንተናቸዋል፣ ፈተናው ሲያልፍም ረስተናቸዋል። እኛም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የትምህርት ክፍል አባላት ከዚሁ ወገን ነበርን። ቃላቱ ለመምህርና ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለኑሮም እንደሚያስፈልጉ የተረዳነው ባለፈው ክረምት በሠፈራችን ከደረሰ አንድ ነገር በኋላ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ያንን እንተርክና ወደ ትምህርቱ እንገባለን።

በሐምሌ ወር በአንድ የሠፈር ዝክር ላይ ተሰብስበን ከበላንና ከጠጣን በኋላ በማግሥቱ ብዙ ሰው ሆዱን ታመመ። ከእኛም መካከል ሁለት ቀን ከቤት ያልወጡ ነበሩ። ሕመሙ ሳይለቅ ወሬው ቀደመ። «ጎመኑ ነው! ጎመኑ የበቀለው በአቃቂ ወንዝ ውኃ ነው» ተባለ። ጎመኑን የሸጡት በጉሊት ተቀምጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ናቸው። ወሬው ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ራቁ፤ ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላም መደባቸው ባዶ ሆነ። እኛስ ምን አደረግን? የሳይንስ ተማሪዎች ነን የምንለው ሁሉ ወሬውን ተቀብለን ለሌላው አቀበልን። አንድ ሰው እንኳ «በምን አወቃችሁ?» ብሎ አልጠየቀም።

እነሆ የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ይህች አንዲት ጥያቄ ናት፤ በምን አወቃችሁ?

ሳይንሳዊ ምርምር ማለት ምን ማለት ነው?

ሳይንሳዊ ምርምር ማለት ስለ አንድ ነገር የምንሰጠውን አሳብ ከራሱ ከነገሩ ጋር እያስተያዩ የመፈተን ሥራ ነው። አንድ አሳብ እውነት የሚሆነው ትልቅ ሰው ስለተናገረው፣ ብዙ ሰው ስለደገመው ወይም ለእኛ ደስ ስላለን አይደለም። በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ ሲፈተን ጸንቶ ከተገኘ ነው። ስለዚህ ምርምር የሚጀምረው ራስን ከመጠራጠር ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። መርማሪ ማለት «ተሳስቼ እንደሆነስ?» ብሎ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን የሚጠይቅ ሰው ነው።

ይህን በአገራችን ልጆች ሥራ ብናስረዳው ይበልጥ ይገባናል። ስለዚህ ከአቃቂ ወደ ዓድዋ እንሂድ።

የእንዶድ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ስለ ብልሃርዝያ በሽታ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። እንደሚታወቀው ብልሃርዝያ በውኃ አማካይነት የሚተላለፍ በሽታ ነው። በበሽተኛው ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ትል የሚጥለው እንቁላል ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ወደ ውኃ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ወደ አንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ገብቶ ይባዛል። ከዚያም ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በውኃው ውስጥ የሚዋኝን፣ ልብስ የሚያጥብን ወይም የሚሻገርን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ግን ሰንሰለቱ ይቆረጣል። ስለዚህ ሳይንቲስቱ በየወንዙ ዳር ቀንድ አውጣ ይፈልጉ ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ እናቶችና እኅቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ ደረሱ። እንዶድ አያቶቻችን ከጥንት ጀምሮ እንደ ሳሙና ሲጠቀሙበት የኖሩት ተክል ነው። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ በሚወርደው ውኃ ላይ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ታዩ። ከዚያ ከፍ ብሎ በሚገኘው ውኃ ውስጥ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ዶክተር አክሊሉም ከላይኛው ውኃ በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው፣ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን የእንዶድ አረፋ እንዲጨምሩባቸው ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ታሪኩ አጭር ቢመስልም የምርምር መሠረታዊ ቃላት በሙሉ ማለት ይቻላል በውስጡ ይገኛሉ። አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

ምልከታ

ምልከታ ማለት አስተውሎ ማየትና ያዩትን በትክክል መመዝገብ ነው። ማየትና ማስተዋል ግን አንድ አይደሉም። በዚያ ወንዝ ዳር ከዶክተር አክሊሉ በፊት ብዙ ሰው አልፏል፤ የሞተ ቀንድ አውጣም ያየ አይጠፋም። እርሳቸው ያስተዋሉት ግን ልዩነቱን ነው፤ ከታች ሙት፣ ከላይ ሕያው። ከምልከታ የሚጠበቀው ያዩትን ብቻ መናገር ነው። «ከታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አሉ» ማለት ምልከታ ነው። «እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል» ማለት ግን ገና ግምት ነው። በእኛም ሠፈር «ሰዎች ታመሙ» የሚለው ምልከታ ነበር፤ «ጎመኑ አሳመማቸው» የሚለው ደግሞ ግምት። እኛ ግምቱን እንዳየነው ነገር አድርገን አወራን። የመጀመሪያው ስሕተታችን ይህ ነው።

ጥያቄና መላምት

ከምልከታ በኋላ ጥያቄ ይመጣል። ጥሩ የምርምር ጥያቄ በፈተና ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። «ቀንድ አውጣዎቹ ለምን ሞቱ?» የሚለው መነሻ ሲሆን «የእንዶድ አረፋ በገባበት ውኃ ውስጥ ያሉ ቀንድ አውጣዎች ይሞታሉን?» ሲባል ግን ሊፈተን የሚችል ይሆናል።

ለጥያቄው የምንሰጠው ጊዜያዊ መልስ መላምት ይባላል። መላምት ባዶ ግምት አይደለም፤ ከምልከታ ተነሥቶ የተሰጠ፣ ደግሞም ሐሰት መሆኑ ሊታይ የሚችል አሳብ ነው። ይህ ሁለተኛው ነጥብ እጅግ አስፈላጊ ነው። በምንም ዓይነት ውጤት ሊረታ የማይችል አሳብ ሳይንሳዊ መላምት አይባልም። ለምሳሌ አንድ ሰው «የታመመው ጎመኑን ስለበላ ነው፤ ያልበላውም ከታመመ ሽታው አግኝቶት ነው፤ የበላው ካልታመመም ዕድለኛ ስለሆነ ነው» ቢል ምንም ብናመጣለት አይረታም። እንዲህ ያለው ሰው እየመረመረ ሳይሆን እየተሟገተ ነው።

ከመላምት የሚከተለው ትንበያ ነው። «መላምቴ እውነት ከሆነ ይህ መታየት አለበት» ማለት ነው። እንዶድ ገዳይ ከሆነ በዕቃው ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች መሞት አለባቸው። ካልሞቱ መላምቱ ወድቋል።

ሙከራ፣ ተለዋዋጭና ማወዳደሪያ

ሙከራ ማለት ትንበያውን ለመፈተን ሆን ተብሎ የሚዘጋጅ ሁኔታ ነው። በሙከራ ውስጥ ሊለያዩ የሚችሉ ነገሮች ተለዋዋጮች ይባላሉ። እኛ ሆን ብለን የምንለውጠው ነፃ ተለዋዋጭ ሲባል፣ በዚያ ምክንያት ይለወጥ እንደሆነ የምንጠባበቀው ጥገኛ ተለዋዋጭ ይባላል። በእንዶዱ ሙከራ ነፃው ተለዋዋጭ የእንዶዱ መኖርና አለመኖር ሲሆን፣ ጥገኛው ደግሞ የቀንድ አውጣዎቹ መሞትና አለመሞት ነው። ሌላው ሁሉ፣ ማለትም የውኃው ዓይነትና መጠን፣ ሙቀቱ፣ ዕቃው፣ የቀንድ አውጣዎቹ ዓይነት፣ ሳይለወጥ መጠበቅ አለበት።

ለምን ቢሉ፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጥን የትኛው ውጤቱን እንዳመጣ ማወቅ አንችልም። ስለዚህ ማወዳደሪያ ያስፈልጋል። ማወዳደሪያ ማለት በሁሉ ነገር ከሚፈተነው ጋር አንድ ሆኖ የሚፈተነው ነገር ብቻ የጎደለበት ወገን ነው። እንዶድ የገባበት አንድ ዕቃ፣ እንዶድ ያልገባበት ሌላ ዕቃ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን። በሁለቱም ቀንድ አውጣዎቹ ቢሞቱ ገዳዩ እንዶዱ ሳይሆን ዕቃው ወይም መታፈኑ ሊሆን ይችላል። ማወዳደሪያ የሌለው ሙከራ አንድ ወገን ብቻ የተሰማበት ፍርድ ማለት ነው።

ናሙና፣ መረጃና ድግግሞሽ

የወንዝ ውኃን ሁሉ፣ የአገር ሕዝብን ሁሉ መመርመር አይቻልም። ስለዚህ ከብዙው ጥቂቱን እንወስዳለን፤ ይህም ናሙና ይባላል። ናሙና ብዙውን የሚወክል መሆን አለበት። እናታችን ወጡ ጨው ማግኘቱን ለማወቅ በማንኪያ ስትቀምስ ናሙና መውሰዷ ነው፤ ሳታማስለው ከላይ ብትቀምስ ግን ትሳሳታለች።

ከምልከታና ከሙከራ የሚሰበሰበው ቁጥርና ጽሑፍ መረጃ ይባላል። መረጃ ወዲያው ይመዘገባል እንጂ ለነገ አይቀጠርም፤ አእምሮአችን የወደድነውን ያስታውሳል፣ ያልወደድነውን ይረሳልና። ከዚያም ሙከራው ይደገማል። አንድ ጊዜ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ በተለያየ ሰው እጅ ተደጋግሞ የታየ ነገር ግን እምነት የሚጣልበት ነው።

ዶክተር አክሊሉም በወንዙ ዳር ባዩት ብቻ «አገኘሁ» ብለው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁመው ምርምሩን ቀጠሉ፤ ኢንስቲትዩቱም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ወንዞች ላይ እንዶድ እየተጨመረ ለአምስት ዓመት በተደረገው ጥናት በከተማው ሕዝብ ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ገደማ፣ በትንንሽ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ሕፃናቱ ለብቻ የታዩት ለምንድን ነው? ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር ትልቁ ሰው የሚታይበት በሽታ ከእንዶዱ በፊት የያዘው ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ ግን ከተወለደ ገና ጥቂት ጊዜው ስለሆነ አዲስ መተላለፍ መኖሩንና አለመኖሩን የሚናገረው እርሱ ነው። ትክክለኛውን ናሙና መምረጥ ማለት ይህ ነው።

ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድን ዓይነቶች ሰብስበውና አወዳድረው ብርቱውን በመለየትና በማልማት በዚሁ ሥራ ተባብረዋል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ይሁን እንጂ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። እንዶድ ለሰውና ለእንስሳ የማይጎዳ መሆኑ ዓለም በሚቀበለው የላቦራቶሪ ሥርዓት እንዲፈተን ስለተጠየቀ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ደግሞም ቀንድ አውጣን የሚገድለው መጠን ዓሣንም የሚጎዳ መሆኑ ታውቋል። የራስን ግኝት ጉድለት አብሮ መናገር የምርምር ሐቀኝነት ነው።

አብሮ መታየትና ምክንያት መሆን

አሁን ወደ አቃቂ እንመለስ። ብዙዎቻችንን የሚያስተን ነገር ሁለት ነገሮች አብረው ሲታዩ አንዱን የሌላው ምክንያት ማድረጋችን ነው። ክረምት ሲገባ ጎመን ይበዛል፤ ክረምት ሲገባ የሆድ ሕመምም ይበዛል። ታዲያ ጎመን ነው የሚያሳምመው ልንል ነው? ዝናቡ ጎመኑን ያበዛል፤ ያው ዝናብ ቆሻሻውን ጠርጎ ወደ ምንጭና ወደ ጉድጓድ ያስገባል። ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ይሆናሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደም። እንዲህ ከጀርባ ቆሞ ሁለቱን የሚያንቀሳቅስ ሦስተኛ ነገር ድብቅ ምክንያት ሊባል ይችላል። መርማሪ ሁልጊዜ «ሦስተኛ ነገር ይኖር ይሆን?» ማለት ይገባዋል።

ሁለተኛም ጥያቄን ከጥያቄ መለየት ያስፈልጋል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የከተማውንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚወርዱ ወንዞች መሆናቸውን የማያውቅ የለም። ተመራማሪዎች በወንዞቹ ውኃ፣ በዳርቻቸው አፈርና በሚበቅሉት አትክልቶች ላይ ባደረጉት ምርመራ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንና ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ስለዚህ «በወንዙ ውኃ የሚለማ አትክልት ለጤና ይስማማል?» የሚለው ጥያቄ ትልቅና እውነተኛ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ይህና «በዚያ ቀን የታመምነው በዚያ ጎመን ነው?» የሚለው አንድ አይደሉም። ተሕዋስያን በደንብ ሲበስሉ ይሞታሉ፤ የሚያሳምሙትም በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ነው። ከባድ ብረቶች ግን በማብሰል አይወገዱም፤ በአትክልት ውስጥ በሚገኙበት መጠን ጉዳታቸው በአንድ ሌሊት ሳይሆን ለብዙ ጊዜ ተጠራቅመው የሚታይ ነው። እኛ ስለ አንዱ የሰማነውን ለሌላው ማስረጃ አደረግነው።

ምን ማድረግ ይገባን ነበር?

ለትምህርት እንዲሆነን አንድ ምሳሌ እናዘጋጅ። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተፈጠሩ ናቸው እንጂ በሠፈራችን የተቆጠሩ አይደሉም። በአንድ ድግስ ላይ 40 ሰዎች ነበሩ እንበል። ከእነዚህ 12 ታመሙ። እያንዳንዱን ሰው፣ የታመመውንም ያልታመመውንም፣ ምን እንደበላና ምን እንደጠጣ ጠየቅን።

ጎመን ከበሉት 30 ሰዎች 9 ታመሙ፤ ካልበሉት 10 ሰዎች 3 ታመሙ።

ከበርሜል ውኃ ከጠጡት 16 ሰዎች 11 ታመሙ፤ ካልጠጡት 24 ሰዎች 1 ታመመ።

አሁን እናስላ። ከታመሙት 12 ሰዎች መካከል 9ኙ ጎመን በልተዋል። ይህን ብቻ የሰማ ሰው ወዲያውኑ በጎመኑ ላይ ይፈርዳል። ነገር ግን ጎመን ከበሉት የታመሙት 30 በመቶ፣ ካልበሉትም የታመሙት 30 በመቶ ናቸው። ጎመን መብላትና አለመብላት ምንም ልዩነት አላመጣም። ከውኃው ግን የጠጡት ወደ 69 በመቶ ሲታመሙ ካልጠጡት የታመሙት 4 በመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ጥርጣሬው ወደ ውኃው ዞረ። የታመሙትን ብቻ ብንጠይቅ ኖሮ ይህን ፈጽሞ አናየውም ነበር። ያልታመሙት ሰዎች ማወዳደሪያችን ናቸው።

ሳይጠጣ የታመመው አንዱ ሰውስ? ጥሩ መርማሪ አይደብቀውም። ምናልባት ጠጥቶ ረስቶት፣ ምናልባት ብርጭቆው በዚያው ውኃ ታጥቦ፣ ምናልባትም ሕመሙ ሌላ ይሆናል። ተመዝግቦ ይቆያል። ውኃውም ቢሆን «ተጠርጣሪ» እንጂ ገና «ጥፋተኛ» አይደለም፤ ናሙናው ተወስዶ በላቦራቶሪ መመርመር አለበት።

እንዲህ ያለው የቤት ለቤት ምርመራ በዓለም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ኮሌራ ሲገባ ብዙ ሊቃውንት በሽታው በክፉ አየር ይመጣል ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ግን ሰዎች የሞቱባቸውን ቤቶች እየቆጠረ ሲመዘግብ አብዛኞቹ በአንድ የውኃ መቅጃ ዙሪያ ሆነው አገኛቸው። በአቅራቢያው ባለ የቢራ መጥመቂያ የሚሠሩ ሰዎች ግን ከዚያ መቅጃ ስለማይጠጡ በኮሌራ ክፉኛ አልታመሙም። በእርሱ ምክር የመቅጃው እጀታ ተነቀለ። ጆን ስኖው ራሱ ግን እጀታው ሲነቀል ወረርሽኙ ቀድሞ መቀነስ ጀምሮ እንደነበረ አልሸሸገም። ለራሱ ክብር የሚቀንስበትን ነገር መጻፉን ልብ እንበል።

ድምዳሜ፣ ንድፈ ሐሳብና ሕግ

ድምዳሜ ማለት መረጃው የፈቀደውን ያህል ብቻ መናገር ነው። መረጃው ስለ አንድ ድግስ ከሆነ ድምዳሜውም ስለዚያ ድግስ ይሆናል። ማስረጃ ካልበቃ «አናውቅም» ማለትም ድምዳሜ ነው፤ አያሳፍርም።

በሰፊው የሚያሳስት ሌላ ቃል ንድፈ ሐሳብ ነው። በተራ ንግግር «ይህ እኮ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው» ሲባል ያልተረጋገጠ ማለት ይመስላል። በሳይንስ ግን ንድፈ ሐሳብ ማለት በብዙ ምርመራ ተፈትነው የጸኑ አሳቦችን አያይዞ «ለምን» የሚለውን የሚያስረዳ ማብራሪያ ነው። ብዙ በሽታዎች በዓይን በማይታዩ ተሕዋስያን ይመጣሉ የሚለው ንድፈ ሐሳብ ነው፤ እጃችንን የምንታጠበውና ውኃ የምናፈላው በእርሱ መሠረት ነው። ሕግ ደግሞ ነገሩ ሁልጊዜ እንዴት እንደሚሆን፣ ብዙ ጊዜም በቁጥር፣ የሚገልጽ ነው። ንድፈ ሐሳብ አድጎ ሕግ አይሆንም፤ የየራሳቸው ሥራ አላቸው።

የቤት ሥራ

ይህን በእጃችን እንድንሞክረው ቀላል ሙከራ እነሆ። ሁለት እኩል የቲማቲም ጣሳዎች ውሰዱና ከታች ብሱአቸው። አንድ ዓይነት አፈር ሙሉባቸው፤ በእያንዳንዱ 10 የባቄላ ፍሬ ዝሩ። በየሁለት ቀኑ ለሁለቱም አንድ አንድ ሲኒ ውኃ ስጡ። አንዱን በመስኮት አጠገብ አስቀምጡ፤ ሌላውን እዚያው አጠገቡ በካርቶን ድፉበት። ከመጀመራችሁ በፊት «የትኛው የበለጠ ያድጋል?» ለሚለው መላምታችሁን ጻፉ። ከበቀለ በኋላ ቁመቱን በማስመሪያ እየለካችሁ፣ ቀለሙንም እያያችሁ ለሁለት ሳምንት መዝግቡ።

ብዙዎቻችሁ በጨለማ ያለው ያጥራል ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። በካርቶን ሥር የነበረው ግን ረዘመ፤ ቢጫና ቀጭን ሆኖ ብርሃን ፍለጋ ተመዘዘ። በመስኮቱ አጠገብ ያለው አጭር፣ ነገር ግን አረንጓዴና ብርቱ ሆነ። ታዲያ የትኛው «አደገ»? እዚህ ላይ አንድ ታላቅ ትምህርት አለ፤ ከመለካታችን በፊት የምንለካውን ነገር መወሰን አለብን። «ማደግ» ስንል ቁመት ነው? የቅጠል ብዛት ነው? ክብደት ነው? ቃሉ ካልተወሰነ ክርክሩ አያልቅም።

መደምደሚያ

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንድ ነገር ሳናደርግ መጻፍ ከበደን። ስለዚህ ሦስት ሆነን ወደ እኚያ እናት ቤት ሄድን። ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ከመካከላችን አንዱ «እማማ፣ ስለዚያ ወሬ ይቅርታ ሊያደርጉልን ይገባል፤ እኛም አውርተናል» አላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጆቼ፣ ጎመኑ እኮ የወንዝ ውኃ አያውቅም። የእኅቴ ጓሮ ነው፤ ከጉድጓድ እየቀዳች ነው የምታጠጣው። ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም እንጂ» አሉን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ያን ሁሉ ወሬ ለማስቆም ላቦራቶሪ አያስፈልግም ነበር። አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። ጎመኑ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ በወንዙ ፈረድንበት፤ በወንዙም አሳብበን በአንዲት እናት እንጀራ ላይ ፈረድን። በሐሰት አለመመስከርን ከልጅነታችን ተምረናል። ሳያጣሩ መመስከርም ከዚያ ብዙ እንደማይርቅ የተማርነው ግን ያን ቀን ነው። የሕመሙን ምክንያት ዛሬ ልናገኘው አንችልም፤ በጊዜው አልጠየቅንም፣ አልጻፍንም፣ አልቆጠርንም። እኚያን እናት ግን ወደ ጉሊታቸው መመለስ እንችላለን። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእርሳቸው መግዛት ጀምረዋል፤ ወሬውን ባዳረስንበት ቤት ሁሉ እየዞርንም ስሕተታችንን እየተናገርን ነው።

ከእንግዲህ «እንዲህ ሆነ አሉ» የሚል ነገር ስንሰማ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ አደራ እንላለን።

1ኛ. የታየው ምንድን ነው፣ የተገመተውስ?

2ኛ. አሳቡ ሐሰት ቢሆን በምን ይታወቃል?

3ኛ. ከምን ጋር ተወዳድሮ ነው?

4ኛ. ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል ወይ?

5ኛ. የሚመለከተው ሰው ራሱ ተጠይቋል ወይ?

የባቄላውን ሙከራ የሠራችሁ መዝገባችሁን ይዛችሁ በሚቀጥለው ወር የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ አቅርቡልን። መላምታችሁ የወደቀባችሁም እንዳታፍሩ፤ ከሁሉ በፊት የምንሰማው የእናንተን ነው።